ጎን ለጎን የሚከፈት ፍሪጅ ለድሬዳዋ ቤት፦ ከወጥ ቤቱ በር የሚጀምር የመምረጫ መመሪያ

ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሠፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ አንድ አዲስ ፍሪጅ ሁለት ሌሊት አደረ። የፍሪጁ ስፋት 91 ሳንቲ ሜትር፣ የወጥ ቤታችን በር ደግሞ 76 ነበር። ሻጩ «የማይገባበት ቤት የለም» ብሎን ነበር፤ እኛም አምነን ከፈልን። በሦስተኛው ቀን ባለሙያ መጥቶ የፍሪጁን ሁለት በሮች ፈታ፣ የወጥ ቤቱንም በር ከማጠፊያው ነቀለ፣ ከዚያ በጎኑ አዙሮ አስገባልን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ለጎረቤትም ለባለሙያም ያቀረብኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከመክፈሌ በፊት መጠየቅ የነበረባቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጅ ሊገዛ የተነሳ ዘመድ ሁሉ ስለሚደውልልኝ፣ በስልክ የምነግራቸውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

የምንነጋገረው ነጋዴዎች «ሳይድ ባይ ሳይድ» ስለሚሉት ፍሪጅ ነው። ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ፍሪዘር፣ በቀኝ ማቀዝቀዣ ያለው፣ በሮቹም እንደ ቁም ሣጥን ግራና ቀኝ የሚከፈቱት ማለት ነው። ፍሪዘሩ ከላይ ወይም ከታች ከሆነው ተራ ባለ ሁለት በር ጋር አይምታታ።

አንደኛ፦ በእርግጥ ይህ ዓይነት ያስፈልግዎታል?

ይህ ፍሪጅ ሲያዩት ግዙፍ ነው። ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 650 ሊትር ይደርሳል። ነገር ግን ውስጡ ለሁለት ስለተከፈለ ትልቅነቱ በቁመት እንጂ በወርድ አይደለም። በሩን ሲከፍቱ የፍሪዘሩ የውስጥ ስፋት 35 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የማቀዝቀዣው ደግሞ ከ45 እስከ 50 ቢሆን ነው። አንድ እንጀራ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ሆኖ ይዘረጋል። እዚህ ድሬዳዋ በሙቀቱ ምክንያት እንጀራ ሦስት ቀን ሳይሞላው ስለሚሻግት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ስለዚህ ፍሪጁ እንጀራውን ዘርግቶ አይቀበልም፤ አራት ላይ አጥፈው በላስቲክ ማስገባት ግድ ይሆንብዎታል። ሰፌዱን እንዳለ ማስገባት ለለመደ ቤት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

የሚፈትኑበትን መንገድ ልንገርዎት። ካርቶን ወስደው 35 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ፣ 48 በ40 የሆነ ሌላ ቁራጭ ይቁረጡ። የመጀመሪያው የፍሪዘሩ መደርደሪያ፣ ሁለተኛው የማቀዝቀዣው መደርደሪያ ነው ብለው ያስቡ። ለበዓል የሚያወጡትን ትልቁን ድስት፣ የሊጥ ባልዲውን፣ የሰላጣ ሳፋውን፣ የምሳ እቃውን በየተራ ያስቀምጡባቸው። የፍየል ሙሉ ጭን ሳይቆራረጥ ፍሪዘር የሚያስገቡ ከሆነ እሱንም በልብዎ ይለኩ። ከካርቶኑ የሚተርፍ እቃ ከበዛ፣ ይህ ፍሪጅ የእርስዎ አይደለም። ከላይ ሙሉ ስፋት ያለው ማቀዝቀዣ፣ ከታች መሳቢያ ፍሪዘር ያለው ዓይነት፣ ወይም መካከለኛ ፍሪጅ ከለብቻው ፍሪዘር ጋር ይሻልዎታል።

በሌላ በኩል፣ ለረመዳን ሳምቡሳ አስቀድሞ ጠቅልሎ በትናንሽ እቃ የሚያቀዘቅዝ፣ ለፋሲካም ለአረፋም ሥጋ በኪሎ በኪሎ ከፋፍሎ የሚያስቀምጥ፣ ልጆች በየደቂቃው ውኃ ሊያወጡ የሚከፍቱበት ቤት ከሆነ በጣም ይመቻል። ሁሉም ነገር በዓይን ቁመት ላይ ይታያል፤ በሩም ጠባብ ስለሆነ ሲከፈት ቦታ አይሻማም። ፍሪዘሩ ቁመቱን ሁሉ ስለሚይዝ የጾሙንና የፍስኩን በየመደርደሪያው ለይቶ ማስቀመጥም ይቻላል። እናቴ ከሁሉ በላይ የወደደችው ይህንን ነው።

ሁለተኛ፦ መንገዱንና ማረፊያውን ይለኩ

ሜትር ይያዙና ከግቢው በር ይጀምሩ። የፍሪጁ ስፋት 91፣ ቁመቱ 178 ያህል፣ ጥልቀቱ ያለ እጀታ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚህ የሚጠልቅም አለ። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ የሚለካው የመጨረሻው በር ብቻ አይደለም። የግቢውን በር፣ የሳሎኑን በር፣ የኮሪደሩን መታጠፊያ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የደረጃውን መዞሪያ፣ በመጨረሻም የወጥ ቤቱን በር ከመዝጊያው ጋርና ያለ መዝጊያው ይለኩ። ከሁሉም ጠባቡን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ያ ቁጥር ከ75 በታች ከሆነ፣ የፍሪጁ በሮች ሲፈቱ ጥልቀቱ ስንት እንደሚቀር ሻጩን ይጠይቁ፤ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በበሩ ላይ ውኃ የሚቀዳ ዓይነት ከሆነ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦና ሽቦ ስላለ፣ በሩን የሚፈታው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ለምትኖሩ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል። መኪና የሚደርስበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍሪጁ የሚጓዘው በሰው ትከሻ፣ በእነዚያ ጠባብ መተላለፊያዎች ነው። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ በር ለማስፋት ግድግዳ መንካትም እንደ ሌላ ቦታ ቀላል አይደለም። አክስቴ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። የፍሪጁን ማሸጊያ ካርቶን መጠን የሚያህል የእንጨት ዘንግ ሁለት ልጆች ይዘው ከመኪና መቆሚያው እስከ ቤቷ እንዲሄዱበት አደረግን። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ዘንጉ አላለፈም። ተራ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ገዛች፤ ደስ ብሏት እየተጠቀመችበት ነው።

ማረፊያውን ሲለኩ ከፍሪጁ መጠን በላይ ከጀርባ 5፣ ከግራና ከቀኝ ቢያንስ 3፣ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ። በዛሬዎቹ ፍሪጆች ሙቀት የሚያስወጣው ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከጎን ብረቱ ሥር የተቀበረ ነው። ጎኑን ሲነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣና ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ፣ ሳያርፍ ይሠራል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከፍሪጁ አጠገብ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ካለ በሩ ከ90 ዲግሪ በላይ መከፈት ያቅተዋል፣ የውስጥ መሳቢያዎቹም ተስበው አይወጡም። በግድግዳው በኩል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ ይበጃል። ከኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ ከምድጃውና የከሰዓት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ።

ሦስተኛ፦ ለድሬ ሙቀት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጪው 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ወጥ ቤት ምጣድ ተጥዶበት ስንት እንደሚሆን እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወስዶ ወደ ወጥ ቤቱ አየር ይጥላል። አየሩ ራሱ ሲግል መጣያው ይጠብበታል።

ስለዚህ ፍሪጆች በሚሠሩበት የአካባቢ ሙቀት በአራት ደረጃ ይመደባሉ። ምልክቱ በማቀዝቀዣው ክፍል የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከአትክልት መሳቢያው አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ በላቲን ፊደል ይገኛል። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተፈተነ ነው። ለድሬዳዋ የምመክረው «ቲ» የተጻፈበትን ብቻ ነው። «ኤስኤን» እና «ቲ» በሰረዝ ተያይዘው ከተጻፉ ከ10 እስከ 43 ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ሌሊቱ ለሚቀዘቅዘው ለሐረርም ይኸኛው ይስማማል። «ኤን» ብቻ ያለበትን ፍሪጅ ድሬዳዋ ላይ በቅናሽ ቢሰጡዎትም ይለፉት። በታኅሣሥ ይሠራል፤ በሰኔ ወተቱ ይበላሽብዎታል።

በዚያው ጽሑፍ ላይ የጋዙ ዓይነት አለ። በአዳዲሶቹ ላይ «አር 600ኤ» የሚለው ይበዛል። በኤሌክትሪክ ቆጣቢ ነው፣ በከባቢ አየር ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከቀድሞው «አር 134ኤ» እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዝ የሚሞላ ባለሙያ ይህን ዓይነት የሠራ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በቢላ በረዶ መፈቅፈቅም ፈጽሞ አይሞከርም።

አራተኛ፦ መብራቱ

አንድ የአሸዋ ሠፈር ባለሙያ፣ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው የተቃጠለ የጎረቤቴን ፍሪጅ ከፍቶ ካየ በኋላ «እህቴ፣ ፍሪጁ አልታመመም፤ የታመመው መብራቱ ነው» አላት። እዚህ ከተማ ፍሪጅን ከእርጅና በፊት የሚገድለው የኤሌክትሪክ መውረድና መውጣት ስለሆነ በዚህ ደረጃ ላይ አልቸኩልም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቮልቱና ድግግሞሹ (ኸርዙ) ነው። አገራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ትጠቀማለች። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚመጣው ፍሪጅ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። «ትራንስፎርመር ይገጠምለታል» ይሉዎታል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ 60ውን ወደ 50 ግን አይለውጥም። ለ60 የተሠራ ተራ ኮምፕሬሰር በ50 ሲሠራ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ቮልቱ ቢስማማም 60 ኸርዝ ነው። የዱባዩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ይስማማል፤ ስፒናው ግን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፣ መቀየር ይፈልጋል። ጽሑፉ ላይ «50/60» የሚል ካለ አያሳስብም። ከውጭ ዘመድ ሊልክልዎ ከሆነ የጽሑፉን ፎቶ ከግዢው በፊት ያስልኩ።

ሁለተኛው ኮምፕሬሰሩ ነው። ተራው ኮምፕሬሰር ሲነሳ በአንድ ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ኢንቨርተር የሚባለው ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ መጠን ይለዋውጣል። ድምፁ ያነሰ፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ለዚህ መጠን ላለው ፍሪጅ ኢንቨርተር ያልሆነ አልገዛም። ጉድለቱ አንድ ነው፦ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ስለሚመራ የቮልት መዋዠቅ ያጠቃዋል።

ስለዚህ ቮልቱን የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘር የፍሪጁ ዋጋ አካል አድርገው ይቁጠሩት። ሲመርጡ ሦስት ነገር ይዩ። ቮልቱ ምን ያህል ሲወርድና ምን ያህል ሲወጣ እንደሚያስተካክል፤ ከ140 እስከ 260 የሚቀበል ለአካባቢያችን ጥሩ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ መሆኑን፤ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ወዲያው ከተነሳ ይጎዳል፣ መብራት ሲመለስም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቱ ይዋዥቃልና። አቅሙም በፍሪጁ ጽሑፍ ላይ ካለው የኃይል መጠን ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይሁን።

ሦስተኛው የቤቱ ገመድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና ፍሪጁ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ፍሪጁ የሚያገኘው ቮልት ይወርዳል። ለፍሪጁ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ መስመር፣ የመሬት ሽቦ ካለው ሶኬት ጋር ያስዘርጉ። ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት።

ስለ ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ፦ በፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የዓመት ፍጆታው በኪሎ ዋት ሰዓት ተጽፏል። ለዚህ መጠን 400 እና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ለ12 ሲካፈል በወር ከ33 በላይ ይሆናል። ቁጥሩ የተለካው በፈተና ክፍል ውስጥ ስለሆነ በድሬ ሙቀት ከዚያ ከፍ እንደሚል ይጠብቁ። የኤሌክትሪክ ታሪፋችን በእርከን የሚጨምር በመሆኑ ይህ ጭማሪ ቤትዎን ወደሚቀጥለው እርከን ሊያሻግረው ይችላል፤ ያለፉትን ወራት ደረሰኝ አውጥተው ይደምሩበት።

አምስተኛ፦ ውኃ በበሩ ላይ?

ከበሩ ላይ ቀዝቃዛ ውኃና በረዶ የሚቀዳበት ዓይነት ያምራል፣ በተለይ አፍጥር ሰዓት ላይ እንግዳ ፊት። ነገር ግን የድሬዳዋን ውኃ አስቡት። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ በጥቂት ሳምንት ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ኖራ፣ በዚያች ቀጭን ቱቦና በበረዶ መሥሪያዋ ቫልቭ ውስጥም ይጋገራል። ማጣሪያው በየ6 ወሩ መለወጥ አለበት፤ የኛ ውኃ ከዚያም ቀድሞ ይደፍነዋል።

ግፊቱም ሌላ ችግር ነው። ከቧንቧ ጋር የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 1.5 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋሉ። ውኃ በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ጣሪያ ላይ በ4 ሜትር ከፍታ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.4 ባር ብቻ ነው። ተጨማሪ ፓምፕ ካልገጠሙ አይሠራም።

የኔ ምክር፦ ውኃ የማይቀዳበትን ይግዙ፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ በፍሪዘሩ በር ላይ የሚባክነው ቦታም ይተርፋል። ልብዎ ካልቆረጠ በእጅ የሚሞላ የውስጥ ታንከር ያለውን ይምረጡ፤ የታሸገ ወይም የተጣራ ውኃ ይሞሉበታል።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ

አሁን ወረቀትዎን ይዘው ወደ ድሬዳዋ ሱቆች፣ ታይዋን ገበያም ይሁን ከዚራ ሠፈር ይሂዱ። ጠባቡ በር ስንት እንደሆነ፣ ማረፊያው ስንት በስንት እንደሆነ ተጽፏል። «ቲ»፣ 50 ኸርዝ፣ ኢንቨርተር የሚሉትም ተጽፈዋል። እነዚህን ያላሟላ ፍሪጅ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ በሩን አይክፈቱት።

ሊትሩን ሲጠይቁ ሁለት ቁጥር እንዳለ ይወቁ። ጠቅላላው ይዘት መሳቢያና መደርደሪያ የሚይዙትንም ይቆጥራል። የሚጠቅምዎ የተጣራው ይዘት ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በሩን ይክፈቱ፣ ወረቀት በጎማው መካከል አድርገው ይዝጉ፣ ከዚያ ይሳቡት። በቀላሉ ከወጣ ጎማው አይገጥምም። በአራቱም ማዕዘን ይህን ይድገሙ፣ በተለይ ሁለቱ በሮች በሚገናኙበት መሐል። መሳቢያዎቹን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። መደርደሪያው ብርጭቆ ከሆነ የወጥ ድስት እንደሚሸከም በእጅዎ ጫን ብለው ይሞክሩት። የበሩ ስክሪን፣ ዋይፋይ፣ መስታወት በር ለዋጋው እንጂ ለምግቡ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ዋስትናውን ደግሞ ቁጭ ብለው ያንብቡ። በትልቁ «10 ዓመት» ተብሎ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ ለኮምፕሬሰሩ ብቻ ነው፤ ሰሌዳው፣ ማራገቢያውና የባለሙያው ጉልበት በ1 ወይም በ2 ዓመት ያልቃሉ። የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ቢበላሽ ድሬዳዋ ውስጥ የሚጠግነው ማን ነው? ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ማጓጓዣውን የሚከፍለው ማን ነው?» መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ከመክፈልዎ በፊትም የሠፈርዎን የፍሪጅ ባለሙያ ያማክሩ፤ የየትኛው ምርት ሰሌዳና ጎማ እዚህ እንደሚገኝ ከሻጩ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ያገለገለ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሲሠራ ያደረ ይዩ። ከጀርባ በኮምፕሬሰሩ አካባቢ በቱቦ መገጣጠሚያ ላይ የዘይት ወዝ ካለ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ማስገባትና ማስነሳት

በመኪና ሲጫን ቆሞ ይጓዝ። ግድ ሆኖ ከተኛ፣ ቤት ደርሶ 24 ሰዓት ሳይሰካ ይቁም፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ቆሞ ከመጣም ጥቂት ሰዓት ማሳረፉ ጥሩ ነው። ከፊት ያሉትን እግሮች በማዞር ያስተካክሉት፤ ፊቱ ከኋላው ትንሽ ከፍ ቢል በሮቹ በራሳቸው ይዘጋሉ። የሁለቱ በሮች አናት እኩል ካልሆነ ወለሉን እንጂ በሩን አይውቀሱ፤ እግሩን ጥቂት ማዞር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ማቀዝቀዣውን 4 ዲግሪ፣ ፍሪዘሩን ከዜሮ በታች 18 ላይ ያድርጉ። እነዚህ ፍሪጆች በማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር እየነፉ ስለሚሠሩ፣ በጀርባው ግድግዳ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በእቃ አይድፈኑ። ትኩስ ወጥ ቀዝቅዞ ይግባ። የድሬ አቧራ ከሥርና ከጀርባ ስለሚከማች በዓመት ሁለት ጊዜ ስፒናውን ነቅለው በብሩሽ ያጽዱ።

መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። ማቀዝቀዣው 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይይዛል፤ በኛ ሙቀት ከዚህ ቀንሰው ያስቡ። ባዶ ቦታ ካለ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ፣ እስከ አፉ ሳይሞሉ፣ አቀዝቅዘው ይሙሉበት። አንድ ስኒ ውኃም በረዶ አድርገው ከላይ ሳንቲም ያስቀምጡበት። ከከተማ ውጭ ሰንብተው ሲመለሱ ሳንቲሙ ከታች ከተገኘ፣ በሌሉበት ሁሉም ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗልና ሥጋውን አይብሉት።

የመጀመሪያውን ሌሊት ባዶውን ይሥራ። ሲተኙ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከተው በማቀዝቀዣው መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ ጠዋት ማንም በሩን ሳይከፍት ያንብቡት። ከ4 ዲግሪ ካልበለጠ እቃውን ያስገቡ። 7 ወይም 8 ካለ ግን ደረሰኙን ይዘው፣ ካርቶኑንም ሳይጥሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ይመለሱ።